መንኮራኩሮቹ የተለጠፉበት ግድግዳ

የበደለችኝ ጽጌ ናት። ነገሩ የጀመረውም በደርግ ዘመን፣ ሁለታችንም ሰባተኛ ክፍል ልንገባ ስንል፣ ጳጉሜን ላይ ነው። ስሟን ከመነሻው የጻፍኩት፣ የሚያነብ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ «ማን ትሆን?» እያለ እንዳይደክም ብዬ ነው፤ በዚያ ጥያቄ እኔ ራሴ በቂ ጊዜ ደክሜበታለሁ።

በቀደም ዕለት አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ ሁለት ሰዎች የመብራት ምሰሶ ላይ የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ሲለጥፉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንደኛው ከጣሳ ውስጥ በብሩሽ እየጠለቀ ምሰሶውን ሲቀባው ሽታው ደረሰኝ፤ የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ከእርጥብ ወረቀት ጋር የተቀላቀለ። በዚህ ዘመን በዱቄት ሙጫ የሚለጥፍ ሰው የቀረ አይመስለኝም ነበር። ታክሲው መጣ፣ ሰዉ ተጋፍቶ ገባ፣ ረዳቱም «እማማ፣ ይገባሉ አይገቡም?» ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔ ግን እንደ ሞኝ ምሰሶውን እያየሁ ቀረሁ።

ቤታችን ቀራንዮ ነበር፤ ከመድኃኔ ዓለም ወደ ታች ሲወረድ፣ ባህር ዛፉ አልቆ የገብሱ ማሳ በሚጀምርበት ዳር ላይ። ያኔ ሰፈሩን ከተማ ብሎ ለመጥራት የሚደፍር አልነበረም፤ አውቶቡሱ አየር ጤና ላይ አራግፎን ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግርና የጭቃ ጉዳይ ነው። ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበረን፤ ቀለም ለማስቀባት አቅም ያነሰው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እኛም በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ፣ ዘመን ሳይለወጥ፣ ግድግዳውን በጋዜጣና በመጽሔት እንለጥፍ ነበር። አሮጌው አይነሳም፤ አዲሱ በላዩ ይለጠፋል። ስለዚህ እኔ ነፍስ ሳውቅ የቤታችን ግድግዳ ጣት የሚያህል የወረቀት ቆዳ አብቅሎ ነበር፤ ዝናብ ሲያገኘው ይነፋል፣ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል፣ ከኋላው ደግሞ ትኋን ይራባበታል። እናቴ ሙጫው ውስጥ ዲዲቲ ትጨምር ነበር፤ ትኋኖቹ ግን ለምደውት ነው መሰለኝ በየዓመቱ ወፍረው ይወጡ ነበር።

ወረቀቱን የሚያመጣው አባቴ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለነበር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚጣለውን አሮጌ መጽሔት በገመድ አስሮ በትከሻው ይዞ ይመጣል። በንጉሡ ጊዜ የሚያመጣው የአሜሪካኖችን ነበር፤ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ፣ በእጅ ሲይዙት የሚቀዘቅዝ። ከአብዮቱ በኋላ የሶቭየቶቹ መጡ፤ በአማርኛ የታተሙም ነበሩባቸው፣ ቀለማቸው ቀላ ያለ። አባቴ ለሁለቱም እኩል ነበር፣ ወረቀት ወረቀት ነው። እናቴም ማንበብ ስለማትችል የምትለጥፈው ቀለሙ ደስ እንዳላት ነው፤ አንዱን በጎኑ፣ አንዱን ተዘቅዝቆ። ከአልጋዬ በላይ ጨረቃ ላይ የቆመው አሜሪካዊ ከነባንዲራው ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ጨረቃ የሰማይ ጣሪያ እንደሆነች፣ ሰውም እዚያ የሚቆመው እንደ ዝንብ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ነው የማውቀው። አሰሳ መጥቶ ቤት ለቤት ሲፈተሽ፣ አባቴ በጠዋት ተነሥቶ ሰውዬውን በሶቭየት ትራክተር ሸፈነው።

ሰውዬውን እንደ ገና ያገኘሁት በዝናብ ምክንያት ነው። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ከአልጋዬ በላይ ያለው ወረቀት እንደ ሆድ ተነፋ፤ እናቴ «ቅደጂው፣ ውኃው ይውጣ» ስትለኝ በምላጭ ሰነጠቅኩት፣ ጠርዙንም ስስበው እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተገለጠልኝ። ከትራክተሩ ሥር የጨረቃው ሰውዬ፣ ከሰውዬው ሥር ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘዴውን ተማርኩት፦ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ፣ ሙጫው እስኪለሰልስ መታገሥ፣ ከማዕዘኑ ቀስ አድርጎ መላጥ፣ አንብቦ ሲጨርሱ መልሶ መለጠፍ። እንግሊዝኛው ሲያቅተኝ የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር አያሌው ይፈቱልኝ ነበር፤ አንድ ቀንም ራሳቸው መጥተው ግድግዳውን እያዩ «ይኼ እኮ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል» አሉ። እናቴ የተሰደበች መስሏት አኩርፋ ዋለች።

ያነበብኩት ሰው ወደ ሌሎች ዓለማት ለመሄድ የነደፈውን ሐሳብ ነው፤ ግን ከላይ ወደ ታች፣ ማለትም ከአዲሱ ወደ አሮጌው። ከሁሉም በታች፣ ጭቃው ላይ በቀጥታ በተለጠፈው መጽሔት፣ ወደ ማርስ የሚጓዙት እንደ ሠርገኛ ነበር፤ አሥር መንኮራኩር፣ ሰባ ሰው። መሬትን እየዞረ የሚኖር፣ እንደ ጋሪ ጎማ የከበበ ጣቢያ አስቀድመው ይሠራሉ፣ መንኮራኩሮቹን እዚያው ሰማይ ላይ ይገጣጥማሉ፣ ማርስ ሲደርሱም ረጃጅም ክንፍ ባለው አውሮፕላን እንደ ጭልፊት ተንሳፈው ያርፋሉ። ከዚያ በላይ ባለው ንብርብር ላይ ክንፉ ጠፍቷል። ለምን እንደ ጠፋ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ለካ ሰው የሌለበት ትንሽ መሣሪያ በማርስ አጠገብ ሲያልፍ ፎቶ ልኮ፣ አየሩ ክንፍ የማይሸከም ስስ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ሁሉ ክንፍ በከንቱ ተሥሏል። ቀጥሎ በአቶሚክ ኃይል የሚሞቅ ሞተር መጣ፣ በረሃ ላይ ጠፍረው አስረው ሲያስነሡት የሚያሳይ ፎቶ ነበረው። ቀጥሎ የጨረቃው ሰውዬ፤ ከፎቶው ግርጌም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማርስ ላይ ነን የሚል ጽሑፍ፤ ከዚያ የአሜሪካኖቹ ወሬ እንደ ተቋረጠ ስልክ ቀጥ ይላል።

ሶቭየቶቹ ደግሞ በትንሹ ይጀምራሉ። ሦስት ሰዎች በታሸገ ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ተዘግተው፣ ራሳቸው ያበቀሉትን ቅጠል እየበሉ፣ የራሳቸውን ውኃ እያጣሩ መልሰው እየጠጡ ኖሩ። ከዚያ የጠፈር ጣቢያ መጣ፤ ሁለት ሰዎች ለወራት እዚያ ተቀምጠው፣ ክብደት ሲጠፋ አጥንት ይሳሳል ስለተባለ፣ እንዳይሳሳባቸው በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ ሲሮጡ ይታያሉ። ሰባው ሰው ሁለት ሆኗል፤ አሥሩ መንኮራኩር አንድ ጣሳ ሆኗል፤ ጉዞውም በአንድ ቦታ መሮጥ ሆኗል። ሌላው ልጅ ይህን ቢያይ ያዝን ነበር፤ እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የራሴ የሆነ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፦ «መጀመሪያ መንኮራኩሩን አለሙ፤ ቀጥሎ መንገዱን ለኩ፤ አሁን ራሳቸውን እየለኩ ነው።» አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አልተናገርኩም።

ይህ በሆነበት ዓመት ነው ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ የተሰጠው። አንድ ተማሪ በመጪው ክረምት ሶቭየት ኅብረት ሄዶ፣ ባሕር ዳር ባለ የልጆች ካምፕ ሊከርም፤ መምህር አያሌው እንደ ነገሩን ደግሞ፣ ልጆቹን ወስደው ከጠፈር የተመለሰች እውነተኛ መንኮራኩር ያሳያሉ። ይህን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። መራጮቹ መምህር አያሌውና የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ክፍሌ ነበሩ፤ በውጤት የቀረነውም ሁለት፣ እኔና ጽጌ። በመስከረም ማብቂያ በቀበሌው አዳራሽ ቆመን ስለ አንድ የሳይንስ ነገር እንናገራለን፣ የተሻለው ይሄዳል። አባቴ ነገሩን ሲሰማ «አውሮፕላኑ ላይ ጋቢ ያስገባሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጽጌ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። እናቷ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ የቀበሌው ሰዎች ከሥራ ሲወጡ የሚቀመጡት እዚያ ነው፣ ክፍሌም መደቡ ላይ የታወቀ ቦታ ነበረው። እሷ ጎበዝ ነበረች፣ ይህን አልክድም፤ ቆንጆም ነበረች፤ ከሁሉም በላይ ግን ሳቋ ነው፣ ሰው ምን ሊጠይቃት እንደ መጣ የሚያስረሳ ሳቅ። ልጥፊያ በሰፈራችን የወረፋ ሥራ ነው፤ ዛሬ እሷ ለእኔ ትቀባለች፣ ነገ እኔ ለእሷ። አንዷ የወረቀቱን ጀርባ ሙጫ ትቀባለች፣ ሌላዋ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ታሳርፍና በጨርቅ ታብሳለች። በዚያ ጳጉሜን እናቴ ውጪ ሙጫውን እያማሰለች፣ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ይህን አስምሩልኝ። ሁለታችን ብቻ።

አንድ ገጽ ደረሰን። በአንድ ፊቱ የደርጉ ሊቀ መንበር እጃቸውን አንሥተው ንግግር ያደርጋሉ፤ በሌላው ፊቱ አንድ የሶቭየት ሠዓሊ የሣለው የማርስ መንኮራኩር አለ፤ አከርካሪው የረዘመ፣ ሞተሩ በአንድ ጫፍ፣ ሰዎቹ ከሞተሩ ጨረር ሸሽተው በሌላው ጫፍ፣ በመስኮቱም ውስጥ መብራት ሥር የበቀለ ጎመን ይታያል። በዚያ ዘመን ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ነበር፦ ያ ፊት ያለበት ገጽ ሁልጊዜ ፊቱ ወደ ውጪ ይለጠፋል። ስለዚህ በየቤቱ ስትገቡ አሥራ ምናምን ጊዜ ያያችኋል፤ ከጀርባው ግን ምን ምን እንደ ተቀበረ የሚያውቀው ጭቃው ነው።

«ይኼኛው በየት በኩል?» አለች ጽጌ።

«በመንኮራኩሩ።»

«አብደሻል? ሰውዬውስ?»

«ሰውዬው በሁሉም ቤት አለ፤ መንኮራኩሩ የትም የለም።»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሳቀች። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ገልብጣ ብሩሹን ነከረችና ከግንባሩ ጀምራ ትቀባው ጀመር። «ይቅርታ ጓድ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ዲዲቲ አለው!» አለች። እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ ከውጪ «ምን አገኛችሁ እናንተ?» ስትል ሁለታችንም በአንድ ድምፅ «ምንም!» አልን። ሙጫውን የቀባችው እሷ ናት። እኔ ተቀብያት፣ በክረምቱ ለማንበብ ትራክተሩን ልጬ ሳልመልስ የተውኩትን ክፍት ቦታ እንዲሸፍንልኝ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩት። የዚያን ዕለት ንብርብሮቹን አንድ በአንድ አስረዳኋት፣ በሙቅ ጨርቅ እንዴት እንደሚላጡም አሳየኋት፣ ዓረፍተ ነገሬንም ነገርኳት። እያዳመጠች ጨርቁን ትጨምቅ ነበር። «እንዴት ደስ ይላል» አለች።

መስከረም አለቀ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አባቴ ለዓመት በዓል ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ከኋላ ቆሟል። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ክንፉ ስናገር ሰዉ ሳቀ፣ በቀበቶ ላይ ስለሚሮጡት ስናገር ዝም አለ፤ በዓረፍተ ነገሬም ጨረስኩ። መምህር አያሌው ማጨብጨብ ሲጀምሩ ሌላው ተከተለ። ያኔ ክፍሌ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ።

«ጓዲት ዘነበች፣ ይህን ሁሉ ከየት አነበብሽው?»

«ከቤታችን ግድግዳ።»

ሰዉ ሳቀ። ክፍሌ አልሳቀም። «ግድግዳችሁን እንየው እንግዲህ» ብሎ ተነሣ፤ ጓደኛውም ከጥግ ጠብመንጃውን አንሥቶ ተከተለው። ግድግዳ ለማየት ጠብመንጃ ምን ያደርጋል?

ክፍሌ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ገባ፤ ግራ ቀኝ አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ አልጋዬ ሄዶ ከብዙ ገጽ መካከል ያን ገጽ በጣቱ ነካው።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ክፍሌ ልጄ፣ ምን ጠፋ?» አለችው።

«ጓድ በሉኝ፣ እትዬ ብርቄ።»

«እሺ፣ ጓድ ልጄ።»

«ሙቅ ውኃና ጨርቅ ያምጡ።»

ይህን ሲል አወቅኩ። ገጹን በግምት ሊያገኘው ይችላል እንበል፤ ወረቀት በሙቅ ጨርቅ እንደሚላጥ ግን ከመላው ቀራንዮ የምናውቀው እኔና ያስረዳኋት ልጅ ነበርን። መምህር አያሌው ግድግዳውን አይተዋል፤ ሲላጥ ግን አላዩም፣ የዚያን ገጽ ጀርባም አላዩም። ዓመታት ሙሉ ሌላ ሰው ለመጠርጠር ሞክሬያለሁ፤ እናቴን እንኳ ሳይቀር። ሁሉም መንገድ ወደ አንዲት ቤት ይመልሰኛል።

ጨርቁ ወረቀቱ ላይ አረፈ፣ ተጠበቀ፣ ገጹ ተላጠ። ሊቀ መንበሩ ሙጫ በሙጫ ሆነው ወጡ፤ አንደኛው ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። ከሥሩ ደግሞ ያ የጨረቃ ሰውዬ ከነባንዲራው፣ ተዘቅዝቆ።

«ሊቀ መንበሩን በግንባራቸው አሜሪካ ላይ ደፋችኋቸው!» አለ ክፍሌ። ዛሬ ሳስበው ያስቃል። ያኔ በር ላይ ከተሰበሰበው ጎረቤት አንድም የሳቀ አልነበረም። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ እኔ እንኳን ጀርባውን ፊቱንም አላነበው» ስትል፣ መምህር አያሌው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ጫማው ምን እንደነበረበት አላውቅም፤ ቀና ሳይሉ ቆዩ።

«ማን ነው የለጠፈው?»

«እኔ» አልኩ።

«ከማን ጋር?»

ጽጌ በር ላይ፣ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ብቻዬን» አልኩ።

አባቴን ወሰዱት። ስለ ቤተሰቡ የሚጠየቀው አባወራው ነው ተባለ፤ በዚያ ኮቱ እንደ ለበሰ ሄዶ ቀበሌው እስር ቤት ከረመ፣ ሲመለስ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ቅጠል ወረቀት ወደ ቤት ይዞ ገብቶ አያውቅም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ በር ላይ አራግፎ ይጥል ነበር። ግድግዳውን ራሳችን እንድናራቁት ታዘዝን። እናቴና እኔ በዶማ ፋቅነው፤ በየዓመቱ የተደራረበው ሁሉ እንደ ዛፍ ልጥ እየተገነጠለ ወደቀ፣ ግቢ ውስጥም ተከምሮ ጠባቂ ቆሞበት ተቃጠለ። የሚያብለጨልጨው ወረቀት ቶሎ አይነድም፤ ይጠቀለላል፣ አረንጓዴ ነበልባል ያወጣል፣ ጥላሸቱም ሳይበተን ሥዕሉን እንደያዘ ለቅጽበት ይቆያል። እነዚያ ክንፎች እንዲህ ጠቁረው ሲነሡ አይቻለሁ። ማርስ ላይ ያልበረሩት ክንፎች በገብሱ ማሳ ላይ በረሩ።

ለጉዞው ጽጌ ተመረጠች። ምን ብላ እንደ ተናገረች ማወቅ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን መምህር አያሌው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ፕላኔቶች ሲያስተምሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው፣ «ጽጌ በአዳራሹ እንዳለችው፣ መጀመሪያ መንኮራኩሩን አለሙ፣ ቀጥሎ መንገዱን ለኩ…» ብለው ጻፉት። ጻፉት እንጂ ወደ እኔ አልዞሩም። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። እኔም ገለበጥኩ፤ ምን ላድርግ?

በክረምቱ ማለቂያ ነጭ ካልሲ አድርጋ ተመለሰች፤ ሰፈሩ ሁሉ አጥራቸው ሥር ተሰበሰበ። እኔ በእኛ በኩል ጎመን የምቀነጥስ መስዬ ተቀመጥኩ። መንኮራኩሯ ከጎተራ ታንሳለች አለች፤ ጎኗ እንደ ድስት ቂጥ ከስሏል፤ ሰዎቹ የሚቀመጡት ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እንደ ታዘለ ልጅ ነው። «አትሸትም?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ «የተቃጠለ ብረት ብረት ትላለች» አለች። እኔ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ መስኮቷ ከየትኛው ወንበር በኩል ነው? ሦስት ሰው ሲጓዝ ውጪውን የሚያየው ማነው? ጥያቄው አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ማታ በታናሽ እህቷ እጅ ከረሜላ ላከችልኝ፤ ለውሻችን ሰጠሁት፣ ውሻውም ተፋው።

ከዚያ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ሳይንስ ትቼ ታይፕ ተማርኩ፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሰዎች ስለ ሰዎች የሚጽፉትን ስተይብ ኖርኩ፣ በዚህም ሰው አይታመንም ብዬ ያኔ ያሰብኩት ስሕተት እንዳልነበረ ብዙ ማረጋገጫ አገኘሁ። ወረቀት ሲሰጠኝ መጀመሪያ ጀርባውን አያለሁ። እንግዳ ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ እንደሆነ አስባለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና «አንቺ እኮ ሰላምታም ትመረምሪያለሽ» ይለኝ ነበር።

የገብሱ ማሳ የለም። ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያ አዳራሽም ፈርሶ የእንጨትና የብረት መሸጫ ሆኗል። የወንድሜ ልጅ አንዳንዴ በስልኳ ስለ ማርስ ታሳየኛለች። ሐሳቡ እንደ ገና ተለውጧል፤ አሁን እንደ ብር የሚያበራ ረጅም ሮኬት ነው፣ ተነሥቶ ሄዶ በጭራው ቆሞ ያርፋል፣ ደግሞም ይነሣል። ለመመለሻ የሚሆነውን ነዳጅ ከዚህ ተሸክመው አይሄዱም፣ እዚያው ከማርስ አየርና ከበረዶው እንሠራዋለን ይላሉ። ክንፍ አይሸከምም የተባለው ያ ስስ አየር ነዳጅ ሊሆን ነው። ይህን ስሰማ ለአፍታ ደስ ብሎኝ፣ የት ጋ እንደምለጥፈው እንኳ አሰብኩ፤ ከሚሮጡት ሰዎች በላይ። ከዚያ ግድግዳ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። እስከ ዛሬ ማርስ የሄደ ሰው የለም፤ ሰባዎቹም፣ ሦስቱም፣ ሁለቱም እንደ እኔ ቀርተዋል። ይህ ያጽናናኝ እንደሆነ ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አያጽናናም። እነሱ የቀሩት መንገዱ ከብዷቸው ነው፤ እኔ የቀረሁት ደጃፌ ላይ ነው።

በዚህ ዓመት ጽጌ ቤቴ መጣች። ከእናቷ የወረሰችው ይዞታ ካርታ የለውም፤ ከድሮ ጀምሮ እዚያ መኖሯን የሚመሰክሩ ሦስት የሰፈር ነባር ሰዎች ወረዳ ማቅረብ አለባት፤ ካልሆነ ቤቱ ሕገ ወጥ ተብሎ ይነሣል። ሁለት አግኝታለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ ስትቀመጥ ወንበሩን ይዛ ነው።

«ዘኑዬ፣ አንቺ ካልመሰከርሽልኝ ማን ይመሰክርልኛል? የድሮው ሰው እኮ አልቋል» አለችኝ።

ሻይ አፈላሁላት። ዙሪያውን እያየች «ያ ግድግዳችሁ ትዝ ይልሻል? ስንት ነገር ነበረበት!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ አላረጀም። ፊቷን አጤንኩ። ረስታ ነው? ሁሉን ታስታውሳለች፣ እኔ ምን ያህል እንደማውቅ ልትፈትነኝ ነው? ወይስ የይቅርታ በር እየፈለገች ነው?

«የቱ ግድግዳ?» አልኳት።

ስኳሩን አማሰለች። «ለማንኛውም ሐሙስ ጠዋት ነው» አለች።

«እመጣለሁ» አልኳት።

ሐሙስ ወረዳ ሄድኩ። ጽጌ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጇን ክንዴ ላይ አሳርፋ። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ነበረች፣ ትሑት።

«እናቴ፣ ወይዘሮ ጽጌን ከመቼ ጀምሮ ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ልጅቷ ያልሰማሁ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ። እኔም ደገምኩላት። ፈርሜ ወጣሁ፤ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።